የዓለምወርቅ እንግዳ እና የባርነሃገው ቅናሽ

የዓለምወርቅ በድብቅ አግብታለች ተብሎ ነበር። ወሬው እሷ ከምትኖርበት የኦስሎ ሰፈር፣ ከግሮሩድ ተነሥቶ በሁለት ቀን ሃውገሩድ ደረሰ፤ በሦስተኛው ቀን ሃውገንስቱዋ ሲገባ ሠርግም ጨምሮ ነበር። አዳራሽ ተከራይታለች፣ ሰው አልጠራችም፣ ሙሽራው አባቷ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው፣ ቀለበቱን ሥራ ስትገባ አውልቃ ኪሷ ውስጥ ትከታለች። አንዲት ሴት ኬኩን በዓይኔ አይቻለሁ ብላ መማሏም ይነገራል።

ውሸት ነው። የዓለምወርቅ አላገባችም። ኬክ ቀርቶ ለራሷ ሠላሳ አራተኛ ልደት ሻማም አልገዛች። እርግጥ ነው፣ ቤቷ ውስጥ አንድ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው አሉ። እርግጥ ነው፣ የፖስታ ሳጥኗ ላይ የሁለት ሰው ስም ጎን ለጎን ተጽፏል። ሰውየው ልጆቿን በየቀኑ እጅ እጃቸውን ይዘው ወደ ቤት እንደሚያመጡም አይካድም። ግን ሊያጋባት የሞከረ ካለ ኮሙን የሚባለው የከተማው አስተዳደር ደንብ ነው፤ እሱም ቢሆን በጨዋ ደንብ አስቀድሞ በደብዳቤ ጠይቋታል።

የዓለምወርቅ ደምሴ የደሴ ልጅ ናት። ኖርዌይ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሄልስፊር አካባቢ ያለ አንድ የቢሮ ሕንፃ ታጸዳለች፤ አራት ፎቅ፣ ሃያ ስድስት መጸዳጃ ቤት፣ ማንም የማይቀመጥባቸው ብዙ ሶፋዎች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ቢታንያ አራት ዓመቷ ነው፣ ሌዊ ሁለት ተኩል። አባታቸው ሳምሶን ከተለያዩ በኋላ በርገን ሄዶ ቀረ። ጠፋ አይባልም፤ በልደታቸው ይደውላል፤ አንዳንዴም በትክክለኛው ቀን።

አገር የሚያውቀው አንድ ጠባይ አላት፤ እምቢ ማለት አትችልም። በኖርዌይኛስ ትችላለች። «ናይ» የሚለውን ቃል በኮርሱ የመጀመሪያ ሳምንት ተምራው እስከ ዛሬ በደንብ ትሠራበታለች። አለቃዋ ቅዳሜ ግቢ ሲላት «ናይ» ትላለች። ስልክ ደውሎ የመብራት ውል ቀይሪ የሚል ልጅ ሲነዘንዛት «ናይ» ብላ ትዘጋበታለች። ችግሩ ቃሉ ወደ አማርኛ አልተሻገረላትም። ሀበሻ ሲለምናት ልቧ ገና ሲያስብ አፏ ቀድሞ «ምን ችግር አለው» ይላል። በዚህ የተነሣ የሦስት ልጆች ክርስትና እናት ናት፤ የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ እሷ ቤት ይታጠባል፤ ምድር ቤት ያለው ዕቃ ማስቀመጫዋ ውስጥ የማን እንደሆነ የማታውቀው ፍሪጅ ስምንት ወር ሆኖታል።

ጋሼ ግዛውም የገቡት በዚሁ በር ነው።

ጋሼ ግዛው ወልደየስ ደሴ ላይ የአባቷ ጎረቤት ነበሩ፤ ለታላቅ ወንድሟም የክርስትና አባት ናቸው። ክርስቲያንሳንድ በምትባል ሌላ ከተማ ሲኖሩ ቆይተው ከአሥራ ስድስት ወር በፊት፣ ጥቅምት ላይ፣ ኦስሎ፣ አልናብሩ ካለ የዕቃ መጋዘን ሥራ አገኙና ደወሉላት።

«ክፍል እስካገኝ ነው ልጄ» አሏት። «ቢበዛ ሁለት ሳምንት።»

«ኧረ ጋሼ፣ ቤትዎ አይደለም እንዴ» አለቻቸው።

ቤታቸው ሆነ። የልጆቹን ክፍል ለቀቀችላቸው፤ ልጆቹ ወደ እሷ አልጋ ዞሩ። ደብዳቤ እንዲደርሳቸው አድራሻቸውን እዚያው አስመዘገቡ። የሕንፃው ማኅበር ደግሞ ሥራውን የሚወድ ነውና ማንም ሳይጠይቀው አዲስ የስም ሰሌዳ አሠርቶ ሳጥኑ ላይ ለጠፈ፤ «ደምሴ» ከላይ፣ «ወልደየስ» ከታች፣ መካከላቸው ላይ አንዲት ትንሽ መስመር።

ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ለሥራ ሲነሡ ልጆቹ እንዳይነቁ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በካልሲ ነው የሚወጡት። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ይጨርሳሉ፤ አሥር ሰዓት ሲሆን የልጆቹ መዋያ ባርነሃገ በር ላይ ናቸው። ይህ ሁሉ በእኛ ሰዓት ነው፤ ኖርዌዮቹ አራት ሰዓት ይሉታል። ባርነሃገው አሥር ተኩል ላይ ይዘጋል፤ የዓለምወርቅ ከሥራ የምትወጣው አሥራ ሁለት ላይ ነው። ጋሼ ግዛው ሳይመጡ በፊት በእነዚያ መካከል ያለውን ጊዜ የምትሞላው በልመና ነበር፤ ሰኞ አንዷን፣ ማክሰኞ ሌላዋን፣ ረቡዕ የሰኞዋን ደግማ። አሁን ሞልቶላታል። ጋሼ ልጆቹን ያወጣሉ፣ የበረዶ ልብሳቸውን ያደርቃሉ፣ ቢታንያ ስለ ዋልታ ድብ የምትነግራቸውን እየሰሙ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ።

ኪራይ ልክፈል ብለው ነበር።

«ጋሼ፣ አያሳፍሩኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ በኪራይ ፈንታ ሽንኩርት ያመጣሉ። መጋዘናቸው አጠገብ የጅምላ መሸጫ አለ፤ በየሁለት ሳምንቱ አሥር ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በትከሻቸው ይዘው በሜትሮ ይመጣሉ። ሦስት ሰው ተኩል የሚበላው ሽንኩርት ልክ አለው። የቀረው በረንዳው ላይ ተደርድሮ ክረምቱን ያሳልፋል።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ፣ ሲሰነብት ብረት ይላሉ አባቶች። በአሥራ ስድስተኛው ወር ምን እንደሚሆን አልተናገሩም። የተናገረው ኮሙኑ ነው። ሳምቡአር ይሆናል አለ፤ ማለትም ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብሮ የሚኖር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ወላጆች ለባርነሃገ የሚከፍሉት ይቀነስላቸዋል፤ ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው ደግሞ በሳምንት ሃያው ሰዓት በነፃ ይሆናል። የሚታየው የቤቱ ሰው ገቢ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለችው የዓለምወርቅ ብቻ ከሆነች ቅናሹ ይገባታል። የጋሼ ግዛው ደመወዝ ከተደመረ አይገባትም። ቅናሹ ከሌለ የሁለት ልጅ ሙሉ ክፍያ አትችልም፤ ካልቻለች አንደኛው ልጅ ቤት ይቀራል፤ አንድ ልጅ ቤት ከቀረ እናትየውም ቤት ትቀራለች። ይህን ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም። የዓለምወርቅ ደብዳቤውን ደረጃው ላይ ቆማ ስታነብ፣ ቦት ጫማዋ ላይ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ ነው የገባት።

ደብዳቤው ባለጌ አልነበረም። «በአድራሻዎ ሌላ ዐዋቂ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ተመዝግቦ ይገኛል፤ በመካከላችሁ ያለውን ግንኙነት በሦስት ሳምንት ውስጥ ያሳውቁን» ነው የሚለው። በሥሩ የስልክ ቁጥር አለው። በማግስቱ ከሁለተኛው ፎቅ የመጥረጊያ ክፍል ሆና ደወለች። ማርያ የምትባል ድምፀ ለስላሳ ሴት አነሣች። በኖርዌይኛ አንቱታ የለምና ጋሼ ግዛው ለአሥር ደቂቃ ያህል «እሱ» ሆነው ቆዩ። ለየዓለምወርቅ ይህ ራሱ ላብ የሚያወጣ ነበር።

«የትዳር ጓደኛሽ ነው?» አለች ማርያ።

«ናይ።»

«ሳምቡአር?»

«ናይ፣ ናይ።»

«ተከራይ ነው?»

«ናይ።»

«ዘመድ?»

«ያ፣ አዎ። ማለት ናይ። የወንድሜ ክርስትና አባት ነው።»

ማርያ ይህ በኮምፒውተሯ ላይ ካሉት ምርጫዎች የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ፈለገች። «እሺ፣ ታዲያ ምንድን ነው ልበል?»

«እንግዳ ነው።»

«ጥሩ። ለስንት ጊዜ?»

«ለሁለት ሳምንት።»

«መቼ መጣ?»

«ከአሥራ ስድስት ወር በፊት።»

የማርያ የኮምፒውተር ቁልፎች ድምፅ ቆመ። የዓለምወርቅ ዝምታ አትወድምና ያልተጠየቀችውን ጨመረች፤ ልጆቹን ከባርነሃገ የሚያወጣው እሱ ነው፣ እራት አብረን ነው የምንበላው፣ ሸሚዙን እኔ አጥባለሁ ግን ማሽኑ ነው፣ ሽንኩርት ያመጣል። እያንዳንዱን ስትናገር ይበልጥ እያገባች መሄዷ ታወቃት፤ ግን መቆም አልቻለችም።

«ቀላል ነው» አለች ማርያ በመጨረሻ። በዚህ አገር ሁሉም ነገር ቀላል ነው። «እንደ ጥንዶች እንደማትኖሩ አጭር ወረቀት ጻፉ፤ እንግዳ መሆኑን፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ ላኩልኝ። ካልደረሰኝ ግን የሁለታችሁን ገቢ አንድ ላይ ማየት ይኖርብኛል።»

አንድ ፊርማ። የዓለምወርቅ ወረቀቱን በዚያው ምሽት ጻፈችው፤ አራት መስመር ነው፤ የራሷን ፊርማ አኖረችበት። የቀረው የጋሼ ግዛው ፊርማ ነው። አሁን ያንን ወረቀት አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ፊት ለማቅረብ ምን እንደሚያስፈልግ ማርያ አታውቅም፤ ብታውቅ ሦስት ሳምንት ሳይሆን ሦስት ዓመት በሰጠች ነበር። አባቷን በልጅነታቸው የሚያውቁ ሰው ዘንድ ሄዳ «ጋሼ፣ እርስዎ ባሌ አይደሉም፤ እዚህ ይፈርሙ» ማለት አለባት። እንዲያ ሲባል ደግሞ ባልሽ ናቸው ብሎ ያሰበ ሰው እንዳለ መንገር ነው። «እንግዳ» የሚለውን ሲያዩ «እስከ መቼ?» ማለቷ ነው ብለው ያስባሉ። ያንኑ ቀን ሻንጣቸውን ይዘው ወጥተው በብርድ ባቡር ጣቢያ ቢያድሩስ? ደሴ ላይ ምን ይባላል? የደምሴ ልጅ በአንድ የኮሙን ወረቀት ሽማግሌ አባረረች።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረገችው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ መውጣት ነው። ጋሼ ኖርዌይኛ ያነባሉና አንብበው ይፈርሙ ይሆናል ብላ ብዕርም አጠገቡ አስቀመጠች። ማታ ስትመለስ ወረቀቱ ታጥፎ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተሰክቷል።

«የሰው ወረቀት አላነብም፤ ሌዊ በጭማቂ እንዳያበላሽብሽ ነው» አሏት።

ሁለተኛ ሳምንት ላይ በኖርዌይኛ ልትሞክር አሰበች። እምቢታ በዚያ ቋንቋ ከተቻለ ይህም ይቻል ይሆናል ነው ሐሳቧ። ሜትሮ ውስጥ ከሄልስፊር እስከ ግሮሩድ በልቧ አጠናችው። እራት ላይ ሹካዋን አስቀምጣ በጥሩ ኖርዌይኛ፣ በጥሩ ቅላፄ፣ አንድ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ቢቆይ ኮሙኑ ጥያቄ እንደሚያነሣ፣ ለዚህም ጽሑፍ እንደሚያስፈልግ አንድ ትንፋሽ ሳትወስድ ተናገረች።

ጋሼ ግዛው አዳምጠው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቋንቋው እኮ ገብቶሻል» አሉ። «እኔ ሃያ ዓመት ኖሬ እንዲህ አልናገርም። አባትሽ በሰማ።»

ቢታንያ ከት ብላ ሣቀች። እናቷ ሹካዋን መልሳ አነሣች።

ይህ ሲሆን ወሬው ሥራውን ይሠራ ነበር። የጀመረችው አክሱማዊት ናት፤ ከየዓለምወርቅ ጋር በአንድ የጽዳት ድርጅት የምትሠራ፣ በሚቀጥለው መግቢያ የምትኖር ጎረቤት። አክሱማዊት ሐሜተኛ አይደለችም። የፖስታ ሳጥኑን አየች፣ ተጨነቀች፣ ጭንቀቷን ለሰባት ሰው አካፈለች። ሐሙስ ጠዋት ሜትሮ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«በምኑ?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«አክሱ፣ ሳጥኑ ላይ ስማቸው የተጻፈው ደብዳቤ እንዲደርሳቸው ነው።»

«ያ፣ ያ። የእኔም ባል የጀመረው በደብዳቤ ነው።»

«እንግዳ ናቸው እኮ።»

«ማን ምን አለ? ሰው ብቻውን አይኖርም። ዕድሜያቸው ገፋ ቢልም ሠራተኛ ናቸው፤ ሽንኩርት እንደሁ አይጠፋብሽ።» ከዚያ የእውነት አዘነችና ጨመረች፤ «ብቻ ለእኔ አለመንገርሽ። የቢታንያን ጋሪ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም?»

የዓለምወርቅ ስለ ደብዳቤው ልትነግራት አፏን ከፍታ ዘጋችው። ስለ ቅናሹ ብትናገር ነገ ጠዋት «ኮሙኑን ለማታለል ነው የደበቀችው» እንደሚባል አወቀች። ማግባት ይሻላል። ቢያንስ ለማግባት ማብራሪያ በሦስት ሳምንት ውስጥ ላኪ የሚል የለም።

አምስት ቀን ሲቀራት የመጨረሻውን አደረገች። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ውስጥ ያለው ኃይለአብ ጋ ሄደች። ኃይለአብ ባልና ሚስት ያስታረቀ፣ ሁለት የተጣሉ ማኅበሮችን አንድ ያደረገ፣ በአንድ ወቅትም የመኪና ማቆሚያ ቅጣት በይግባኝ ያስነሣ ሰው ነው። ከጸሎት በኋላ አዳራሹ ጥግ ላይ ሁሉንም ነገረችው፤ ደብዳቤውን፣ ማርያን፣ ወረቀቱን።

«ወንድምዓለም፣ እንዲፈርሙ ብቻ ነው የምፈልገው። ውጡ ያልኩ እንዳይመስላቸው። ከወጡም ልጆቹን የሚያመጣልኝ የለም።»

«ገብቶኛል» አለ ኃይለአብ። «ይኼ በዘዴ የሚያዝ ነው። አንተም ና እላለሁ ዓምሃን፤ አንድ ሽማግሌ ሽማግሌ አይባልም።»

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ሁለቱም ከረቫት አሥረዋል። ዓምሃ ታክሲ ነጂ ነው፤ መኪናውን ከሕንፃው ፊት ለፊት አቁሞ በዚያው ጭንቅ ላይ ነው፤ ቦታው ለነዋሪ ብቻ ነው። ጋሼ ግዛው በር ሲከፈት ሁለት ከረቫትና ብርቱካን የሞላበት አንድ ፌስታል አዩና ምንም ሳይሉ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ሲወጡ የክት ኮታቸውን ለብሰዋል። ሦስቱም ሶፋው ላይ ተቀመጡ። የዓለምወርቅ ሻይ አቅርባ ልጆቹን ይዛ ኩሽና ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

መጀመሪያ ስለ ብርዱ ተነጋገሩ። ብርዱ ሲያልቅ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ፣ ከዚያ ግሮሩድ ላይ መኪና ማቆም እንዴት እንደከበደ። ይህን ዓምሃ በሰፊው ተናገረ። አርባ አምስት ደቂቃ እንዲህ ሄደ። ሻይ ሁለት ጊዜ ተቀዳ። በመጨረሻ ኃይለአብ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ ግዛው፣ የመጣንበት ጉዳይ አለ።»

«ደግ ያሰማን» አሉ ጋሼ ግዛው፣ ኮታቸውን እየቆለፉ።

«መቼም ሰው ከሰው ጋር ሲኖር፣ ያው ጎረቤት ያያል። አገርም ሥርዐት አለው። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሲኖሩ፣ ነገሩ መልክ መያዝ አለበት። በወረቀት።»

«በወረቀት» አለ ዓምሃ።

ጋሼ ግዛው የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«ወሬውን ሰምቼዋለሁ» አሉ። «አልናብሩ ድረስ መጥቷል። አንድ ሶማሌ ባልደረባዬ መልካም ጋብቻ ብሎኛል። ልጆች፣ እናንተን አከብራለሁ። ግን ይህቺን ልጅ ስትወለድ አውቃታለሁ። እኔ የማገባ ሰው አይደለሁም።»

«እኛም አግቡ አላልንም» አለ ኃይለአብ።

«ታዲያ ምን አላችሁ?»

ኃይለአብ ዓምሃን አየው። ዓምሃ በመስኮቱ መኪናውን አየ። ያን ጊዜ የዓለምወርቅ ከኩሽና ወጣች። ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ከማግኔቱ ነቅላ ከብዕር ጋር ጠረጴዛው ላይ፣ ከብርቱካኑ አጠገብ አስቀመጠች። 

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለባርነሃገው ቅናሽ ነው። ካልተፈረመ የእርስዎን ደመወዝ ከእኔ ጋር ሊደምሩት ነው። ቅናሹ ይቀራል። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው።»

ጋሼ ግዛው መነጽራቸውን አወጡ። አራቱን መስመር እንደ ገድል ቀስ ብለው አነበቡ። ሲጨርሱ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ባዶ ነው።

«ይኼ ነው?»

«ይኸው ነው።»

«በዚህ ነው ሦስት ሳምንት ፊትሽ የጠፋው? እኔ ሽንኩርቱ ያስመረረሽ መስሎኝ ነበር።»

ፈረሙ። ፊርማቸው ትልቅና ጠመዝማዛ ነው፤ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ላይኛው ዐረፍተ ነገር ገባ። ብዕሩን አስቀምጠው ግን አልተነሡም።

«እንዲህ ከሆነ እኔም አንድ የደበቅሁት ነገር አለ» አሉ። «ሃውገንስቱዋ ክፍል አግኝቻለሁ።»

«እሰይ» አለ ዓምሃ። «መቼ?»

«መስከረም ላይ።»

አሁን የካቲት ነው። ሌዊ ኩሽና ውስጥ ማንኪያ በድስት ላይ ይመታ ነበር።

«አምስት ወር ሙሉ ይከፍላሉ?» አለች የዓለምወርቅ።

«በየወሩ መጀመሪያ እሄዳለሁ። መስኮት እከፍታለሁ፣ አንድ ሰዓት ያህል ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ እዘጋና እመጣለሁ። ጥሩ ክፍል ነው። ፀሐይ ይገባዋል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«ምን ብዬ? ጠግቦ ሄደ እንዳትዪኝ።»

«እኔ እንዲህ እላለሁ?»

«አትዪም። ስለማትዪ ነው የፈራሁት።» መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ደግሞ ልጆቹም አሉ።»

 አሥራ ስድስት ወር ሙሉ እሷ ቤቷን ለብቻዋ እየፈለገች ሳትነግራቸው፣ እሳቸው መሄድ እየፈለጉ ሳይነግሯት፣ ሁለቱም በጨዋነት አንዱ ሌላውን ጠብቀው ኖረዋል። ይህን ለማርያ በስልክ ማስረዳት ቢኖርባት ኖሮ የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባ ነበር?

ኃይለአብ ግን ፊቱ ፈካ። ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ ሁለቱም ወገን የሚፈልገውን ነገር ማግኘት በሕይወቱ አጋጥሞት አያውቅም። ወዲያው ነገሩን ማሰር ጀመረ።

«እንግዲህ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ነገሩ በራሱ ተፈታ። ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ክፍሉም አለ። ዛሬውኑ ይግቡ። ዓምሃ መኪና ይዟል።»

«ሻንጣው ከኋላ ይገባል» አለ ዓምሃ። «ብቻ ቶሎ ቢሆን፤ እየቀጡ ነው።»

«ሁለተኛ» አለ ኃይለአብ ጣቱን አንሥቶ፣ «ወሬው እንዲበርድ፣ ኮሙኑም ነገ ተነሥቶ ይኸው ይመላለሳሉ እንዳይል፣ ጋሼ ግዛው እስከ ፋሲካ ድረስ በዚህ ሰፈር ባይታዩ። በዚህ በኩል ባያልፉ። ለእሷም ክብር ነው፤ ለእርስዎም።»

ጋሼ ግዛው ኮታቸውን አስተካከሉ። «ሽማግሌ ካለ» አሉ።

ተነሡ፤ ሁሉም ቆሙ። ኃይለአብ መረቀ። ቤቱን መረቀ፣ ልጆቹን መረቀ፣ እንጀራዋን መረቀ፣ ኮሙኑንም ደግ ልብ ይስጠው አለ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ዓምሃ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። ጋሼ ግዛው እጃቸውን ዘርግተው በየቦታው «አሜን» አሉ። የዓለምወርቅም አለች። አሜን ከተባለ በኋላ ነገር እንደገና አይነሣም።

ሻንጣው ወጣ። ያ ከክርስቲያንሳንድ ይዘውት የመጡት ሻንጣ ነው፤ አልከበደም። ቢታንያ በሩ አጠገብ ቆማ «ጋሼ ወዴት ናቸው?» ስትል ሰው ሁሉ ፈገግ አለባት። ሌዊ ጫማቸውን አምጥቶ ሰጣቸው፤ ሲወጡ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው። ኮሪደሩ ለስድስት ሰው ጠባብ ነው፤ አንዱ ኮት ሲለብስ ሌላው ክንዱን ይሰበስባል። የዓለምወርቅ የተፈረመውን ወረቀት በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ማርያ ነገ ታገኘዋለች። ቅናሹ አይነካም። ሁለቱም ልጆች ባርነሃገ ይውላሉ፣ ሃያው ሰዓት በነፃ ነው፣ የቀረውም በቅናሽ ነው፣ እስከ አሥር ሰዓት ተኩል።

«ሁሉም መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አለች። «ብቻ ነገ አሥር ተኩል ላይ ልጆቹን ማን ያወጣቸዋል?»

ዓምሃ የመኪናውን ቁልፍ ከአንዱ ኪስ አውጥቶ በሌላው ከተተ። ጋሼ ግዛው ኃይለአብን አዩት። ኃይለአብ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም።